ያልቸኮለ ምኞት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተለቀቀ ሰሞን፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ አምበር ላይም ሆነ ቢቸና ወይም ሞጣ፣ ሰው ቤት ገብቶ ቡና መጠጣት ጭንቅ ነው። እንግዳው ገና ሳይቀመጥ «ልጁ ስንት አመጣ?» ይላል። እናት እጣኑን ፍሙ ላይ ጣል አድርጋ ዝም ትላለች። አባት «ለዘንድሮ አልሆነለትም» ብሎ ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ ማዳበሪያው ዋጋ ይመልሰዋል። ልጁ ጓዳ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። በዚያች ሳምንት ግን ቤተሰቡም ጎረቤቱም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሱ ራሱ፣ ዕድሜውን ጨርሶ የተፈረደበት ሰው ያደርጉታል።

ቁጥሩን እናስታውስ። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን በጀመሩበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2 ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4። እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ ትምህርት ቤቶቻችን፣ ስለ መምህሮቻችን ኑሮና ስለ መጻሕፍት እጥረት ነው። የአንድን ልጅ ጭንቅላት አይለኩም። የገጠር ከተማ ቤተሰብ የሚሰማው ግን ሌላ ነገር ነው፤ «ልጄ ቀረ» የሚለውን ነው የሚሰማው። ከማን ቀረ? ከእኩዮቹ። እኩዮቹስ? እነሱም ቀርተዋል። እንግዲህ ከመቶ ዘጠና አራትና ከዚያ በላዩ አንድ ላይ የሚቀሩበት ውድድር ካለ፣ ጥፋቱን ከሯጮቹ በፊት ሰዓቱን በያዘው ላይ መፈለግ ይገባል።

ስለዚህ ሰዓት ነው የምጽፈው። በሃያ ሁለት ዲግሪ፣ በሃያ አምስት ደመወዝ፣ በሠላሳ ትዳርና ቤት የሚል ሰዓት አለ። ማን እንደሞላው አይታወቅም፤ ሁላችንም ግን አንገታችን ላይ አስረነዋል። ብዙ ሰው ስለ ዝግታ ሲወራ ምኞትን ስለ መተው የተወራ ይመስለዋል፤ «አርፈህ ተቀመጥ፣ ያለህ ይበቃሃል» የተባለ ያህል ይሰማዋል። የኔ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ምኞት አይነስ፤ ጊዜው ይርዘም። ትልቅ ነገር የሚመኝ ሰው ከትንሽ ፈላጊው ይበልጥ መዝገም አለበት እላለሁ። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ባሕር ማቋረጥ አያስፈልግም፤ እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አለ።

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚወጣ መንገድ አለ። የዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ለብዙ መቶ ዓመታት የኢትዮጵያ የቅኔ አገር ሆኖ ኖሯል። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ደግሞ ደብረ ኤልያስ ይገኛሉ። ከዋድላ፣ ከላስታ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ ሳይቀር ወጣቶች ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግበው በእግራቸው ይመጡ ነበር። ዛሬም ቁጥራቸው ቢያንስም ጨርሰው አልጠፉም።

ከፊደልና ከንባብ ጀምሮ በዜማና በቅኔ አልፎ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በሙሉ የሚወጣ ሰው ሃያና ከዚያ በላይ ዓመት ይወስድበታል። ትርጓሜው ብቻውን ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ይከፈላል፤ ለአንዱ ክፍል ብቻ ዓመታት ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ግን ቅኔ ቤቱን ብቻ ጠጋ ብለን እንየው፤ የዝግታ ጥቅም በግልጥ የሚታየው እዚያ ነውና።

ተማሪው መጀመሪያ ግስ ያጠናል፤ የግእዙን ግሥ ከነርባታው በቃሉ ይይዛል። ከዚያ አገባቡን ይማራል። መቀኘት ሲጀምር የሚሰጠው ከሁሉ አጭሩ ነው፤ ጉባኤ ቃና ይባላል፣ ሁለት ቤት ብቻ አለው። ሁለት ስንኝ ማለት ነው። ልጁ ጠዋት ተነስቶ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ይሄዳል፤ ነጠላውን ወይም ደበሎውን ራሱ ላይ ጣል ያደርግና ይቀመጣል። ከሩቅ ላየው የተኛ ይመስላል። ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ሲመሽ ቆጥሮ የመጣውን ለመምህሩ ያሰማል። መምህሩ በሰሙና በወርቁ መካከል ያለውን ክፍተት ያሳዩታል፤ አገባቡ የተሳሳተበትን፣ ዜማው የጎደለበትን ያቃኑለታል። ብዙ ጊዜ ከቀኑ ሙሉ ድካም የሚተርፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱንም ነገ ይዞ ይነሣል።

ጉባኤ ቃናው ሲቃናለት ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሸጋገራል። ከዚያ ሚበዝኁ፣ ከዚያ አምስት ቤት ያለው ዋዜማ፣ ከዚያ ስድስት ቤት ያለው ሥላሴ፤ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ሁሉን የቻለ ተማሪ «ሙሉ ቤት» ይባላል። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው መስከረም አይደለም። ዓመት ስለሞላ የሚያልፍ የለም፤ ዓመት ስላለፈበት የሚባረርም የለም። አንዱ በሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ሲደርስ፣ ሌላው አምስት ዓመት ዋዜማ ላይ ይቆያል። ያ የቆየው ግን «ወደቀ» አይባልም፤ «ገና ዋዜማ ነው» ይባላል። ባለበት ተጠርቶ፣ ባለበት ይከበራል። ሙሉ ቤት የደረሰውም ቢሆን ሌላ መምህር ዘንድ ሄዶ፣ የዋሸራን የቅኔ ስልት ያወቀ የጎንጅን ወይም የዋድላን ለማየት፣ እንደገና ተማሪ መሆን አያሳፍረውም። ወደ ኋላ መመለስ እዚያ የትምህርቱ አካል ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ቅኔ አይደገምም። ለበዓሉ የተዘረፈው ቅኔ ቤተ መቅደስ ውስጥ አንዴ ይሰማል፤ በሚቀጥለው በዓል አዲስ ይፈለጋል። ስለዚህ ተማሪው ያን ሁሉ ዓመት የሚያጠራቅመው የቅኔ ክምችት አይደለም። አእምሮው ነው የሚሠራው፤ ቆሞ ሳለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ ያልነበረ ነገር ማምጣት የሚችል አእምሮ። እንዲህ ያለ ፍጥነት የሚገኘው በዝግታ ብቻ ነው። አንድ ሊቅ በቅጽበት ሲቀኝ ያየ ሰው ተሰጥዖ ነው ብሎ ይደነቃል። እኔ ግን የማስበው ያንን ዛፍ ሥር የተዋለውን ቀን ነው።

የዘመኑ ሳይንስ ይህን በራሱ መንገድ ደርሶበታል። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ራሱን መፈተኛ አድርጎ፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በቃሉ እየያዘ በስንት ጊዜ እንደሚረሳቸው መዘገበ። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ፣ አንድን ነገር በአንድ ቀን ደጋግሞ ከማጥናት ይልቅ ያንኑ ድግግሞሽ በተለያዩ ቀናት ከፋፍሎ ማጥናት አብልጦ እንደሚያጸና ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ውጤት በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ ተፈትኖ ጸንቷል። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ትንሽ ረስተነው እንደገና ስንፈልገው፣ ያ ፍለጋው ራሱ መንገዱን ያደላድለዋል። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ የሚያነብ ተማሪ ጠዋት ያስታውሳል፤ በወሩ ግን ባዶ ነው። ዛሬ የተቃናችለትን አንዲት ቃል ነገ ዛፍ ሥር ይዞ የሚቀመጠው የቅኔ ተማሪ በዓመቱም አያጣትም።

ከእነዚህ ቤቶች ከወጡት ሁሉ አንዱን ብቻ ላንሣ፤ ስማቸውን የማያውቅ አንባቢ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተከታተሉ፤ ቅኔ ተማሩ። ኋላ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ፤ አስተማሩ፤ ለመድረክ ጻፉ። ጣልያን ሲመጣ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማረኩና ኢጣሊያ ተወሰዱ፤ በግዞት ሰባት ዓመት ገደማ አሳለፉ። ከዚያ በኋላ ዲፕሎማት ሆነው በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ፣ በተባበሩት መንግሥታትና በለንደን አገራቸውን አገለገሉ፤ ሚኒስትርም ሆኑ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር።

ይህን ዕድሜ ዛሬ ለአንድ ወጣት ጸሐፊ ብንነግረው ይደነግጣል። በሃያ አምስት ዓመቱ መጽሐፍ ያላወጣ የቀረ ይመስለዋልና። ግን መጽሐፉን እንክፈተው። ማንኩሳ አለ፤ ዲማ አለ፤ የቆሎ ተማሪው በዛብህ አለ፤ ያ ሁሉ ሰው ዕብድ የሚለው ጉዱ ካሣ አለ። የቅኔ ቤቱ ጠረን፣ የባላባቱ ግቢ፣ የጭሰኛው ቋንቋ፣ የሽማግሌው አነጋገር፣ እነዚህ ሁሉ በሃያ ዓመት ልጅ ብዕር እንዲህ ሊመጡ አይችሉም ነበር። አንድ ሰው አገሩን በልጅነቱ ኖሮባት፣ በወጣትነቱ ተዋግቶላት፣ በምርኮ ናፍቋት፣ በጎልማሳነቱ ከሩቅ አይቷት ሲያበቃ ነው እንዲህ የሚጽፋት። በእኔ ግምት እነዚያ በልዩ ልዩ ሥራ ያለፉ ዓመታት የመጽሐፉ እርሻ ነበሩ። ከዚያም ወዲህ ብዕራቸው አልደረቀም፤ «ወንጀለኛው ዳኛ»ም፣ «የልም እዣት»ም የመጡት ከሰባ ዓመታቸው በኋላ ነው፤ «ትዝታ»ን ያሳተሙት ሰማንያን አልፈው ነው።

እርሻ ካልኩ አይቀር፣ ቢቸናና አካባቢው በነጭ ጤፉ የታወቀ ነው። የጤፍ ፍሬ ከእህሎች ሁሉ ደቃቃው ነው፤ ከእጅ ከወደቀ ለመልቀም ያዳግታል። ያንን ደቃቅ ፍሬ ለመዝራት ገበሬው መሬቱን ይገምሳል፣ ይደግማል፣ ይሠልሳል፤ እንደ መሬቱ ሁኔታ አራትና አምስት ጊዜ ያርሰዋል። ጓሉ ደቅቆ አፈሩ ካልለሰለሰ ዘሩ ወይ ጠልቆ ይቀራል ወይ አረም ይውጠዋል። ሐምሌ ላይ ዘርቶ ኅዳር ላይ ለማጨድ፣ ከሚያዝያና ከግንቦት ጀምሮ ባዶ መሬት ሲመላለስ ይከርማል። ያን ጊዜ መንገደኛ ቢያየው ምንም አልበቀለም። ሦስተኛውን እርሻ ዘልሎ የዘራ ጎረቤት ግን በመስከረም አረሙን ሲያይ ምን እንደዘለለ ያውቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ስለ ዝግታ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ሆዳቸው የጠገበ ናቸው፤ ድህነትን በሩቅ አይተው ሰላም ይመስላቸዋል። እኔ ቅኔ ቤቱን ሳመሰግን ረሃቡን ልደብቅ አልፈልግም። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ፣ በውሻ ተነክሶ፣ በቅማልና በወረርሽኝ እየተሰቃየ ነበር የሚማረው። ብዙዎች ትምህርቱን ሳይጨርሱ መንገድ ላይ ሞተዋል። ለሴቶች ልጆች ደግሞ በሩ የተዘጋ ያህል ነበር። ማየት የተሳናቸው የጎጃሟ የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ተምረው ወንበር ዘርግተው ማስተማራቸው በታሪክ የሚነገረው እንደሳቸው ያሉ ሴቶች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ ነው። ስንት ገላነሽ ውሃ ስትቀዳና እህል ስትፈጭ ቀርታለች።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጊዜ አለ፤ ሰው የወሰደው ጊዜና ከሰው የተወሰደበት ጊዜ። ጤና ጣቢያ ደጃፍ ከንጋት እስከ ማታ ተራ መጠበቅ ዝግታ አይደለም። መሬቱ ለወንድሞች ተቆራርሶ ምንም የማይደርሰው ልጅ አባቱ ቤት ሠላሳ ዓመት ሲሞላው፣ ያም ዝግታ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ምሥራቅ ጎጃም ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። በነዚያ ዓመታት ዘጠነኛ ክፍል መግባት የነበረበት ልጅ ከብት ሲጠብቅ ከርሟል፤ እኅቱም በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተድራ ይሆናል። ለዚህ ልጅ «አይዞህ፣ መዝገም ጥሩ ነው» ማለት በቁስሉ ላይ ጨው መነስነስ ነው። የተወሰደበት ጊዜ መመለስ አለበት፤ የሚመልሰውም ምክር ሳይሆን ሰላም፣ ክፍል፣ መምህርና መጽሐፍ ነው።

ግን ለዚሁ ልጅ የምለው ሌላ ነገር አለ፤ ከታች እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ስለ ዕረፍት ላንሣ፤ ያለ ዕረፍት የሚዘልቅ ዝግታ የለምና።

በኢትዮጵያ ዕረፍት በአንድ ወቅት የመንግሥት ጉዳይ ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ከእሑድ ጋር ቅዳሜም ይከበር በማለታቸው ለረጅም ጊዜ ተሳደዋል። ነገሩ እልባት ያገኘው በ1450 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ ባስጠሩት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ሲወሰን ነው። እርግጥ ክርክሩ የሃይማኖት ነበር እንጂ የጤና አልነበረም። ውጤቱ ግን ገበሬው በሳምንት ሁለት ቀን ሞፈርና ቀንበሩን እንዲያስቀምጥ አደረገ። በዚያ ላይ ወርኃዊ በዓላቱ አሉ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ ሌሎችም እንደየደብሩ።

በዓል በዛ፣ ገበሬው ሥራ ፈታ የሚል ወቀሳ ከድሮ ጀምሮ ይሰማል። ወቀሳው ውስጥ እውነት አለ፤ አዝመራው ዝናብ ሊያገኘው ሲል በዓል ነው ብሎ መቀመጥ የዓመት ቀለብ ያሳጣል፤ አባቶችም እንዲህ ባለ ጊዜ መላ ያበጃሉ። ወቃሾቹ የማያዩት ግን አንድ ነገር ይታየኛል። የበዓሉ ዕረፍት የሁሉም ነው። እኔ ሳርፍ ጎረቤቴም አርፏል፤ ስለዚህ በማረፌ ከሱ አልቀርም። ማንም ማንንም ሳይቀድም ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ይቆማል። የተጣላው ይታረቃል፣ የታመመው ይጠየቃል፣ ማኅበር ይጠጣል። አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚሠራው የዚያው ገበሬ ልጅ ይህ ዕድል የለውም። እሑድ ከሰዓት ቴሌግራሙ ላይ የአለቃው መልእክት ይመጣል፤ እሱ ዝም ቢል ባልደረባው ይመልሳል። ብቻውን የሚያርፍ ሰው እያረፈም ይፈራል። ስለዚህ ዕረፍትን የግለሰብ ጥንካሬ አድርጎ መምከር ብዙ አያስኬድም፤ ሕግና ልማድ ሊጠብቁት ይገባል።

ሕጉ እንኳ አለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። የዓመት ፈቃዱን ሳይወስድ፣ ወስዶም ላፕቶፑን ይዞ ከርሞ፣ በዚያም የሚመሰገን ሰው ግን በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጋራ ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ከመቶ 35፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከመቶ 17 ከፍ እንደሚል ገምተዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ብቻ 745 ሺህ ያህል ሰዎች ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ ስትሮክና የልብ ሕመም ሞተዋል ብለዋል። እንግዲህ ችኮላ ዋጋው ድካም ብቻ አይደለም፤ ገና ብዙ ይሠሩ የነበሩ ሰዎችን ይቀጥፋል።

ስለ ረጅም ምኞት ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ግን አንድ መዝገበ ቃላት ነው። ከጎጃም ወጣ ልበልና የሦስት የሸዋ ሊቃውንት ታሪክ ላንሣ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት መጻፍ ጀመሩ። ሥራው ሳያልቅ ዕድሜያቸው አለቀ፤ ረቂቁን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አወረሱ። ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም ለረጅም ዓመታት፣ ኋላም አገራቸው ተመልሰው ድሬዳዋ ላይ፣ አስፋፍተውና እንደገና ጽፈው ደከሙበት። እሳቸውም ሳያሳትሙት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው ለተማሪያቸው ለደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ። ደስታ ጨርሰው፣ አርመው፣ በ1948 ዓ.ም. «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ተብሎ ወጣ። ዛሬም ግእዝ የሚያጠና ሰው ከጠረጴዛው አያርቀውም። ደስታ ተክለ ወልድ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት ይህን አደራ ከተወጡ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው።

እስቲ የመካከለኛውን ሰው ቦታ እናስበው። ኪዳነ ወልድ የጀመሩት ሥራ አይደለም፤ ሲያልቅም አላዩትም። ስማቸው በዚህ መጽሐፍ ላይ ታትሞ፣ ሰው ሲያደንቀው ሳይሰሙ ነው የሞቱት። ጧት ጧት እየተነሡ የቃላቱን ሥር ሲፈልጉ የሚያበረታቸው ምን ነበር? በዕድሜያቸው የሚጠናቀቅ ነገር ብቻ ቢመኙ ኖሮ ትንሽ መጽሐፍ ጽፈው፣ ታትሞ አይተው፣ ደስ ብሏቸው ይሞቱ ነበር። የመረጡት ግን ከዕድሜያቸው የሚበልጠውን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምኞት የለውም የሚል ማን ነው? የሳቸው ምኞት ከእኛ ይበልጣል፤ ስለሚበልጥም ነው አያቸኩልም የምለው። አንድ ቃል በትክክል ሳይፈቱ ወደሚቀጥለው አለመሄድ የሚቻለው መጨረሻውን ለሌላ ሰው መተው የቻለ ሰው ብቻ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጽናት የሚጠይቀው መምህር ነው። ክፍለ ጊዮርጊስ ኪዳነ ወልድን፣ ኪዳነ ወልድ ደስታን አብረዋቸው ኖረው አዘጋጅተዋቸዋል። በዲማም ቢሆን ተማሪው ዋዜማ ላይ አምስት ዓመት ሲቆይ የማይሰለቹት መምህር ስላሉ ነው የሚቆየው። ዛሬ ልጆቻችንን ታገሡ የምንል ሰዎች እኛ ስንቱን ታግሠናል? በአንድ ክፍል ውስጥ ከሃምሳ በላይ ተማሪ ይዞ፣ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለአንዱ ልጅ አንድ ቃል የሚያቃናበት ምሽት ከየት ያምጣ? የዝግታ ጥያቄ በመጨረሻ የገንዘብና የመምህር ጥያቄ ይሆናል፤ ይህን ሳያነሡ ስለ ትዕግሥት መስበክ ጉዳዩን ግማሹን መተው ነው።

አሁን ጊዜ ወደ ተወሰደበት ልጅ ልመለስ። አምበር ላይ ወይም ሞጣ ላይ ሃያ ዓመት ሞልቶት ወደ ዘጠነኛ ክፍል የሚመለስ ወጣት አለ እንበል። በትልቅ ሰውነቱ ከአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ጋር ዴስክ ላይ ሲቀመጥ ያፍራል። ጓደኞቹ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ቀን ሥራ ጀምረዋል፤ አንዷ ዐረብ አገር ሆና ለቤተሰቧ ብር ትልካለች። «እስካሁን ምን ትሠራለህ?» ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱን የሚያስተወው ይህ ጥያቄ ነው፤ ሒሳቡ አይደለም።

ለእናትና ለአባት የምለው ይህን ነው። የዘንድሮን ከእኩዮቹ ጋር አታስሉ፤ ካለበት አስሉ። ዘጠነኛ ክፍል ከሆነ ዘጠነኛ ክፍል ነው። በሃያ አራት ዓመቱ አሥራ ሁለተኛን ቢጨርስ፣ ከዚያ አንድ ዓመት በማካካሻ ትምህርት (ሪሚዲያል) ቢያልፍ፣ ከዚያ አራት ዓመት ቢማር፣ ሠላሳ ሳይሞላው ሙያ ይኖረዋል። ከዚያ በኋላ ሠላሳና ከዚያ በላይ የሥራ ዓመታት ከፊቱ አሉ። ወይም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቶ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ ብየዳ በደንብ ይማር፤ በደንብ ማለቴ ሠርተፊኬቱን ብቻ ሳይሆን ሙያውን ነው፤ ከአንድ ባለሙያ ጋር ሁለት ዓመት ቆይቶ እጁ እስኪፈታ ድረስ። ቡና ላይ እንግዳ «ልጁ ስንት አመጣ?» ሲል «ዘጠነኛ ነው፣ እየተማረ ነው» ብላችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ መልሱ፤ ጓዳ ያለው ልጅ እንዲሰማ። ማታ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ ከብቱን ሌላ ሰው ያስገባ፤ መብራት ከጠፋም ኩራዙ ጋዝ እንዳያጣ።